«መጣሁ» ብላ የምትሄድ

ሰፈሩ «መጣሁ» ይላታል። ሌላ ስም አላት፤ ማን ጠርቷት! ሰላምታ ጀምረው ሳይጨርሱ «መጣሁ!» ብላ ጥላቸው ትሄዳለች። ዳቦ ቤት ወረፋ ትይዝና «መጣሁ» ብላ ከኋላዋ ላለችው ሴት አደራ ሰጥታ ሳሙና ልትገዛ ትሮጣለች። ሳሙናው ጋ ስትደርስ ደግሞ ዳቦው ትዝ ይላትና እዚያም «መጣሁ» ትላለች። የምትሠራበት መነጽር ቤት ጎረቤቶችማ መዝናኛ አድርገዋታል። አንዱ በበሩ ብቅ ብሎ «መጣሁ አለች?» ይላል። ሌላው «የለችም፣ መጣሁ ሄደች» ይለዋል። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷ ለመሳቅ ጊዜ የላትም።

መነጽር ቤት ውስጥ የእሷ ሥራ ከፊት ነው። የተጣመመውን በሙቅ አየር አለስልሳ ታቀናለች፣ የወለቀ ብሎን ትመልሳለች፣ አፍንጫ ላይ የምታርፈውን ላስቲክ ትቀይራለች። የደንበኛውን ፊት አንዴ አይታ «ግራ ጆሮዎ ከቀኙ ከፍ ይላል» ትልና ሰውየው ሳይቀየም አስተካክላ ታስረክባለች። ከኋላ ክፍል ሌንስ የሚሞርዱት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጋሼ ትላቸዋለች።

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴት! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል።

«እንቁላሉ እስኪሄድ ደንበኛው ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

«ለቅማም ቀድማ ጨረሰች።»

ማን ይቻላት።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ልጃቸው አንድ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቿ ተከታትለው ስለሄዱ «ወላቃዋ» ተብላለች። አትቀየምም። «አልወለቁም፤ እኔ ነኝ ያወለቅኳቸው» ትላለች፣ እንደ ጀግና።

ወላቃዋን ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ ለቀቃት። ተመስገን ተባለ። ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እማዬ፣ ግድግዳው ሄደ» አለች።

እናትየው የልጅቷን ቦርሳ እየዘጋች ነበር። «የት ሄደ?»

«ወደ ኋላ። አንቺም ሄድሽ። ክብሪት እንጨት አከልሽ።»

«ክብሪቷ እየጠበቀችሽ ነው። ጫማሽን አድርጊ።»

ሌላ ቀን እጇ ትራስ አከለባት። ሌላ ቀን «ድምፅሽ እየሮጠ ነው» አለቻት። «ድምፄ ብቻ መሰለሽ የሚሮጠው?» አለችና እናትየው ሮጠች። ልጅ ብዙ ያወራል፤ ያልፍላታል ብላለች።

አላለፈላትም። የልጅቷ ክፍል ፎቅ ላይ፣ የረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ኮሪደሩ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። ለቅሶ አልነበረም፤ ጩኸት። አስተማሪዋ ተሸክማ አወረደቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚለው ቃል ሲነሳ ልጅቷ አልጋ ሥር ትገባለች። «ለምን?» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፦ «ኮሪደሩ ይረዝማል።» ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ናት፤ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ «እንዲህ ከቀጠለች ዓመቱ ያመልጣታል» አለች።

እናትየው ምን አሰበች? ሰው ያው የሚያየው በሥራው ነው። ዳቦ ጋጋሪ ብትሆን ረሃብ ነው ትል ነበር። የመነጽር ቤት ሴት ናትና «ዓይን ነው!» አለች። ልጅቷን እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ ፊደሎቹ የተሰቀሉበት ሰሌዳ ፊት አስቀመጠቻት፤ አንዱን ዓይን ሸፈነች፣ ሌላውን ሸፈነች። ወላቃዋ ከላይ እስከ ታች ወረደችው። ፊደሎቹ ሲያልቁ ከሰሌዳው ጥግ ያለችውን፣ ማንም አንብቧት የማያውቀውን የማተሚያ ቤት ስም ጨምራ አነበበች። ጋሼ አጨበጨቡ።

እናትየው ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «አየሽ? ምንም የለም! ምንም የለብሽም! በቃ ከእንግዲህ ግድግዳው ሄደ፣ በሩ ሄደ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

አልሰማችም። ልጅቷ ዝም አለች።

መጀመሪያ ዝምታው ተመቻት፤ እውነቱን መናገር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ስታጣጥፍ ዞር ብላ አየቻት። ወላቃዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ዓይኗ ፈጧል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። መርከብ ላይ ያለች ይመስል። እናቷ እንደምታያት ስታውቅ እጇን ከጠረጴዛው አንስታ ፈገግ አለች፤ በዚያ በወላቃ ጥርሷ። ያን ፈገግታ ስታይ እናትየው የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። ልጄ ብቻዋን እየፈራች ነው፤ እኔን ላለማስቆጣት ትስቃለች። ሌላም ያሰበችው ቃል ነበር፤ አፏን ሞልታ አልጠራችውም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ነበሩ።

ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ልጅቷን አገላብጣ አየች፣ ጠየቀች፣ አስመረመረች፣ ውጤቱን ጠበቀች። ከዚያ ወላቃዋን ነርሷ ጋ በጠመኔ እንድትጫወት ሰደደቻትና እናትየውን አስቀመጠች።

«አላበደችም» አለች፣ ያልተጠራውን ቃል ጠርታ። «ዓይኗም ደህና ነው። የምታየውን መጠን አንጎሏ አንዳንዴ ያሳስታታል። ከትኩሳት በኋላ ልጆች ላይ እናየዋለን። ብዙዎቹን እያደጉ ይተዋቸዋል። ሌላ የሚያሰጋኝ ነገር አላገኘሁባትም፤ የተለየ ነገር ካየሽ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጫት።»

«እስከዚያስ፣ ዶክተር?»

«እስከዚያ አብረሻት ሁኚ።»

«አብሬያት ነኝ እኮ!»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። እናትየው ቦርሳዋን አንግታ፣ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች። መቼ እንደተነሳች ራሷም አላወቀችም።

«እስቲ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«ሲመጣባት አትከራከሪያት። የለም አትበያት፤ ለእሷ አለ። ወደፊት ምን ይመጣ ይሆን ብላ ነው ፍርሃቷ የሚያድገው። አሁን ያለችበት ላይ አቆዪያት። እግሯ ምን እንደረገጠ፣ እጇ ምን እንደያዘ ትንገርሽ። ትንፋሿ ሲገባ ሲወጣ ታዳምጠው። አንቺም አብረሽ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ከባድ ነው ግን።»

«ይሄ ምን ይከብዳል!» አለችና እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። በሩ ላይ «መጣሁ» እንዳለቻት ሐኪሟ ለነርሷ ነግራ ስቃለች አሉ።

ከበዳት። ቤት ውስጥ ልጅቷ ጠረጴዛ በያዘች ቁጥር እናትየው እየተንደረደረች ትደርሳለች። «እግርሽ የት ነው? ወለል። እሺ። እጅሽ? ጠረጴዛ። ጎበዝ። ተንፍሺ! አስወጪ! ሄደ?»

«አልሄደም።»

«እንደገና ተንፍሺ! ቶሎ በይ፣ ወጡ ሊያርብኝ ነው!»

የትንፋሽ ጥድፊያ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅቷ እስክትደክም ተነፈሰች። በኋላማ እናቷ ስትደርስ «ሄደ፣ ሄደ» ማለት ጀመረች። አለመሄዱን ሁለቱም ያውቃሉ።

ትምህርት ስለሌላት ወላቃዋ ቀኑን መነጽር ቤት ነው የምትውለው። ከባንኮኒው ኋላ አጭር ወንበር አላት። አሮጌ ሌንሶች የሞላ ካርቶን ጋሼ ሰጥተዋታል፤ እያወለወለች ትደረድራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት የተጣመመ የማንበቢያ መነጽር ይዘው ገቡ።

«ምን ሆኖ ነው አባባ?» አለች እናትየው።

«ተቀመጥኩበት።»

«አላዩትም?»

«በምን ልየው? መነጽሬን አላደረግኩ!»

የሙቅ አየር ማሞቂያውን ከፈተችና ክፈፉን ማለስለስ ጀመረች። በዚህ ሥራ ዓይን ከተነቀለበት ክፈፉ ይቀልጣል። እዚያ መሀል ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ራቅሽ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከልጅቷ አፍ ከሰማች ቆይታለች። ወደ ታች ልታይ ፈለገች። እጇ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ምላሷም ልማዷን ያዘ። «መጣሁ የኔ ልጅ፣ ይቺን ብቻ—»

«አትምጪ!»

ጩኸቱ አዛውንቱን አስበረገጋቸው። እናትየው ዞረች። ወላቃዋ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛለች፤ እንባዋ ፊቷን አጥቦታል።

«መጣሁ አትበይ! መጣሁ ስትዪ ትሄጃለሽ! አባዬ ሲሄድ ሄድኩ ይላል። አንቺ መጣሁ ትያለሽ፣ ከዚያ ትንሽ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ…»

ሰው ሁሉ «መጣሁ» እያለ ይሄዳል። ሁላችንም እንላለን፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ይህች ልጅ ግን ግድግዳ የሚሸሽባት፣ በር የሚያፈገፍግባት ልጅ ናት። የምትይዘው አንድ እናት ብቻ አላት። እናቷ ደግሞ በየደቂቃው መጣሁ ብላ ትሄዳለች። ልጅ ከዚህ ወዲያ ምኑን ይመን?

እናትየው ማሞቂያውን አጠፋች። ምላሷ ላይ ሌላ «መጣሁ» ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዋጠችው። በምትኩ የሚባለውን ፈለገች። መሄጃ ቃል ሞልቷታል፤ መቆያ ቃል አጣች። በመጨረሻ ያገኘችው በየቀኑ «እንዴት ነሽ?» ለሚላት ሁሉ እየሮጠች የምትወረውረውን ነው።

«አለሁ» አለች።

ባንኮኒው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ እግሯን አጥፋ ቁጭ አለች።

«አለሁ። የት ነኝ?»

«ሩቅ።»

«ምን አክላለሁ?»

«ክብሪት።»

«እሺ። ክብሪት ነኝ። እጅሽስ?»

«ትልቅ ነው። በጣም ትልቅ ነው።»

«ልያዘው?»

«እጅሽ አይበቃውም።»

«የቻልኩትን ያህል።» አንድ ጣቷን ብቻ ያዘች። «ይሄ ምን ይመስላል?»

ልጅቷ አሰበች። «ይሞቃል። ይሻክራል።»

«ካቻቢቴ ነው ያሻከረው። እግርሽስ ምን ረገጠ?»

«ቀዝቃዛ። አቧራ አለው።»

«ነገ በደንብ እጠርገ—» ተወችው። ነገን ማን ጠየቃት? «አዎ። አቧራ አለው» አለች። ጣቷን ወለሉ ላይ አሳለፈች፤ እውነትም አለው። ስንት ጊዜ ረግጣው አይታው አታውቅም። ልጅቷም በጣቷ አሳለፈች። ትንፋሿ ሲገባ ያፏጫል፤ ባለ ወላቃ ጥርስ ትንፋሽ። እናትየው አዳመጠችው። «ሄደ?» ብላ አልጠየቀችም። ለመጠየቅ ሁለቴ አፏን ከፍታ ዘግታዋለች።

በዚህ መሀል ከባንኮኒው በላይ የአዛውንቱ ራስ ብቅ አለ። መነጽር ቤት ውስጥ ሰው ወለል ላይ ከተቀመጠ ምክንያቱ አንድ ነው።

«ብሎን ጠፋባችሁ?»

መልስ ሳይጠብቁ ዞረው መጡ፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ። «ቆዩ፣ እኔም ልፈልግ። ያቺን ቅንጣት የምታክለዋን ነው አይደል?» ያለ መነጽር፣ አፍንጫቸው ወለሉን ሊነካ ደርሶ፣ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ። «አገኘሁት! … አመለጠኝ! … ኧረ ይሄ ብሎን ይሮጣል እንዴ?»

ጉንዳን ነበረች።

ወላቃዋ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ። ጋሼ ሳቁን ሰምተው ከኋላ ክፍል ሲወጡ ሦስት ሰው ከባንኮኒው ሥር አገኙ። «ምን ጠፋ?» «ብሎን!» አሉ አዛውንቱ። ጋሼም ሌላ ሳይጠይቁ ተንበረከኩ። ያልጠፋ ብሎን አራት ሰው ፈለገው።

እናትየው አላረመቻቸውም። ዕድሜያቸውን ያርዝምልን አለች በሆዷ፤ ልጄን ለማሳቅ ፈጣሪ የሰደዳቸው ናቸው።

ወላቃዋ ሳቋን ጨርሳ እናቷን ቀና ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እማዬ» አለች። «መጣሽ።»

እናትየው ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ እንባዋ ግን መጣ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ካርቶኗን ፈትሻ ወፍራም ሌንስ አወጣች። ሩቅ ማየት ለማይችል ሰው የተሠራ፣ ነገርን ሁሉ የሚያሳንስ ዓይነት ነው። ከፊቷ ራቅ አድርጋ ያዘችውና በእሱ ውስጥ እናቷን አየች። ከዚያ ለእናቷ ሰጠቻት።

«እንዲህ ነው። ትንሽ ይለያል፤ የኔው ጎን ጎኑ እንዲህ አይጣመምም። ግን እንዲህ ነው።»

እናትየው ሌንሱን አንስታ አየች። ይህን ሌንስ ስንት ጊዜ ይዛዋለች፤ ጭረት ፈልጋበታለች፣ ክፈፍ ውስጥ ገጥማዋለች። ሰው አይታበት አታውቅም። እዚያ ውስጥ ወላቃዋ ነበረች፤ ሚጢጢ፣ ጥርት ያለች፣ በጣም ሩቅ ወንበር ላይ የተቀመጠች። እጇን ብትዘረጋ የማትደርስባት። ልጇ ግን ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች።

«ይሄንን ነው ብቻሽን ስታዪ የከረምሽው?»

«አዎ።»

«ስላሳየሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለልጅ የሚባል አይደለም፤ ግን ሌላ ቃል አልመጣላትም። ወላቃዋም እንደ ትልቅ ሰው «አብሮ ይስጥልኝ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጠፋ ማለት አይደለም። ይመጣል። ሲመጣ ልጅቷ «ራቅሽ» ትላለች፤ እናትየው ያለችበት ቁጭ ትላለች። ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቁጭ ብላ ሰው ዞሯታል። አንዳንዴ ትረሳና «መጣ—» ትላለች። ልጅቷ በዓይኗ ትቀጣታለች።

ስለ ትምህርት ቤት እናትየው አላነሳችም። ያነሳችው ልጅቷ ናት፤ ጸጉሯን እየተሠራች።

«እማዬ፣ ኮሪደሩን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አይቼዋለሁ እንጂ።»

«እየሮጥሽ ሳይሆን።»

እናትየው ማበጠሪያውን ይዛ ቆመች። «እንደሱማ አላየሁትም።»

«ላሳይሽ?»

በማግስቱ ሄዱ። ደረጃውን ወጡ። ደወሉ ተደውሏል፤ ልጆቹ ሁሉ ገብተዋል። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ በሮቹ በአንድ ወገን ተደርድረዋል፣ የወላቃዋ ክፍል የመጨረሻው ነው። እናትየው ከዚህ ቀን በፊት ቢጠይቋት ግድግዳው ነጭ ነው ትል ነበር።

መሀል ሲደርሱ የልጅቷ እጅ ጠበቀ።

«ጀመረ» አለች።

እናትየው ውስጥ ያለችው ያቺ ችኩል ሴት ተነሳች። ጎትቻት! ተሸከሚያት! በሩ ይኸው፣ ጥቂት እርምጃ ነው፤ አንዴ ከገባች ትረሳዋለች! ክንዷ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ቆመች። ከጎኗ፣ እንደ እሷ፣ ዝም ብላ ቆመች።

«አለሁ» አለች። «ምን እያየሽ ነው?»

«በሩ እየሄደ ነው። አንቺም።»

«ክብሪት ነኝ?»

«ክብሪት።»

«ክብሪቷ እጅሽን ይዛለች?»

«ይዛለች።»

ወላቃዋ ሌላውን መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ቀዝቃዛ ነው። ጉብ ጉብ ይላል።» እናትየውም ለጠፈች። እውነትም ጉብ ጉብ ይላል፤ ቀለም የቀባው ሰውዬ ቸኩሎ ኖሯል። ቆሙ። ከአንዱ ክፍል የልጆች ንባብ ይሰማል። የልጅቷ ትንፋሽ ያፏጫል። ይገባል፣ ይወጣል።

ወላቃዋ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እናትየው በዓይኗ ጠየቀች።

«አልሄደም» አለች ልጅቷ። ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። «ግን እንሂድ።»

«ከነርዝመቱ?»

«ከነርዝመቱ።»

መዳፏን ከግድግዳው ሳታነሳ ሄደች። እናትየው አልመራቻትም፣ አልገፋቻትም። ቀስ ብሎ መሄድ እግር ያማል ለካ! የበሩ እንጨት ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ዳሰሰችው፣ ራሱ መሆኑን አረጋገጠች፣ ከዚያ አንኳኳች።

አስተማሪዋ ከፈተች። ፊቷ በራ፤ ግን አስተማሪ ናትና «አርፍደሻል» አለች።

«ኮሪደሩ ረዝሞብን ነው» አለች ወላቃዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናትየው ደነገጠች፤ ልጄን ሳቁባት አለች። ወላቃዋ ግን ያንን የተራቆተ ድዷን እያሳየች አብራ ትስቃለች።

«እኔንም ሰኞ ሰኞ ይረዝምብኛል» አለች አስተማሪዋ። «ግቢ፣ ቦታሽ አለ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ለቀቀች። ገባች። ዞር ብላ አላየችም። በሩ ተዘጋ።

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ቀረች። መነጽር ቤቱ ተከፍቷል፤ ጋሼ ብቻቸውን ናቸው፤ ደንበኛ ይጠብቃል። ሁሉንም ታውቃለች። እግሯ ግን አልተነሳም። ከበሩ በስተጀርባ የልጆች ስም ሲጠራ ሰማች፤ ወላቃዋ «አቤት!» ስትል ሰማች፣ የፉጨት ድምፅ ያለበት «አቤት»። ተመስገን አለች። ሐኪሟን አመሰገነች፤ ጉንዳን ያሳደዱትን አዛውንት አመሰገነች፤ ቦታ ያቆየችውን አስተማሪ አመሰገነች፤ የሩቁን ያሳየቻትን ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን እየገፋች መጣች። መወልወያዋን ተደግፋ አየቻት።

«ማንን ነው የምትጠብቂው፣ እቴ?»

«ማንንም።»

«እና?»

«ቆሜ ነው።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «በሥራ ሰዓት! እንዲያው ዝም ብለሽ! ታድለሽ።»

«ታድዬ» አለች እናትየው።

«በይ እንግዲያው እግርሽን አንሺልኝ፤ ልወልውልበት።»

አንዱን አነሳች፤ ከዚያ ሌላውን።